ስለ አቶ ፈየራ ጀቤሳ ዕረፍትና ስለ ኮምፒውተራቸው

የአቃቂ ሐዲድ ዳር የሙዚቃ ማኅበር የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ፈየራ ጀቤሳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበራችን ሐዘኑ ከብዶታል። ከሐዘኑም ጋር ጸጸት አለበት።

አቶ ፈየራ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለው በ2001 ዓ.ም. ተቀላቀሉን። ያኔ ከበሮ መቺ ስላልነበረን በአሮጌ ድራም ማሽን እንሠራ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ማሽኑን ሚዲ በሚባል የሙዚቃ መሣሪያዎች ማገናኛ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ማሽኑ በየምቱ ሃያ አራት ጊዜ የሰዓት ምልክት ይልካል። ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ላይ የጫኑት የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ደግሞ ምልክቱን እየተከተለ ባሱንና ኦርጋኑን እንዲያጫውት ነበር የታሰበው። ኮምፒውተሩ ግን ከማሽኑ ወደኋላ ይቀር ነበር። ድምፃዊታችን ወ/ሮ አሰጋሽ የትኛውን እንደሚከተሉ ጠፍቷቸው መድረክ ላይ ዝም ብለው የቆሙበት ቀን አይረሳንም።

ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. አቶ ፈየራ ቅዳሜና እሑዳቸውን ቢሯችን ውስጥ አሳለፉ። መዘግየቱን ለእያንዳንዱ ዜማ እየለኩ አስተካከሉ። አሥራ ዘጠኝ ዜማዎች አንድ ምት ሳይስቱ መሄድ ጀመሩ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ብሎ ኮምፒውተሩን በባለሙያ አስጸዳ። ባለሙያው የማያውቀውን ሊኑክስ አጥፍቶ የለመደውን ጫነበት። የስድስት ዓመቱ ሥራ ቅጂ አልነበረውም፤ ዝግጅቶቻችንንም አንድ ቀን ቀርጸን አላስቀመጥንም። ጥፋቱ የባለሙያው አይደለም፣ የእኛ ነው።

አቶ ፈየራ ሊጠይቃቸው የሄደውን ሁሉ አስቀድመው «ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይዟል?» ይሉ ነበር። ሰብሳቢያችን አቶ ፈቀደም፣ ሌሎቻችንም በየተራ «ይዟል ጋሼ፣ አያስቡ» ብለናቸዋል። አምነውናል።

ድራም ማሽኑ ዛሬም ይመታል። ኮምፒውተሩ አይከተለውም፤ ከመካከላችን የሚያስማማቸው ሰው የለም፣ ይገኛል ብለንም ተስፋ አናደርግም።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዲንቄ፣ ለሁለቱ ልጆቻቸውና ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ወ/ሮ ዲንቄ ልጆቹ የአባታቸውን ሥራ እንዲሰሙ አንድ ሲዲ ጠይቀውን፣ ለቀብር በተሰበሰብንበት «እናመጣለን» ብለናቸው ነበር። የምናመጣው የለንም። ፊት ለፊት ልንነግራቸው ስላልደፈርን በዚህ መግለጫ አሳውቀናል።