ስንት ኪሎ ነበርሽ?

ውድ አስካለ፣

እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅ፣ ያለሽው መልስ ከማይመጣበት ነው። እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ደግሞ አንቺን መዋሸት ድሮም አይሆንልኝም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። የጊንጪው ቤታችን እንዳለ ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው አሁንም በጓዳው በኩል ነው፤ የጎረቤት ዶሮዎች ጎመንሽን መጫር አልተዉም፤ እኔም ስምሽን ሳልጠራ ከጸሎት አልነሳም። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሙዟ ነው። በእሷ ምክንያት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።

ወንጪ የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ሲዘጋ ያቺን ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባ የገዛናት ቀን ትዝ ይልሻል? ቀጭን፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ካያክ ነው የምትባለው ቢለን፣ አንቺ «ሙዝ ናት እንጂ!» ብለሽ ስም አወጣሽላት። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደንዲ ሐይቅ ላይ መረብ ስንጥል ስንት ዓመት ኖርን። አንቺ መረቡን በቀይ ናይለን ክር ትጠግኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ማታ የጣልነውን ጠዋት ስናነሳ ዓሣ ባነሰ ቁጥር ሌባ እፈልጋለሁ። ጭልሞ ደን ጥበቃ ስሠራ ከጫካ የሚወጣ ሸክም ሁሉ የተሰረቀ ግንድ ይመስለኝ ነበር፤ ጡረታ ወጥቼም አመሉ አልለቀቀኝም። «ዘበኛው፣ ፈረቃህ አልቋል እኮ!» ትይኝ ነበር።

አላለቀም ነበር፣ አስኩ። አርባሽን አውጥተን ሙዟን ካስቀመጥናት ገበሬ ግቢ ላመጣ ስሄድ፣ ከፊት፣ እግርሽን ከምትዘረጊበት ወዲያ፣ አንድ አፉ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ተወሽቆ አገኘሁ። ከባድ ነው። ውስጡ ድንጋይ እንደሆነ በእጄ ዳስሼ አወቅሁ። የሞተች ሴት መቀመጫ ሥር የተሰፋ ድንጋይ ምንድን ነው? መተት ነው አልኩ። በልቤ የጠረጠርኩትን ሰው ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በከንቱ ነው ያማሁት። ሳልፈታው ጠበል ረጨሁበት፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ወደ ሐይቁ መሐል ወስጄም ጣልኩት። በዚያች ቀን ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትከሻዬ መቅዘፍ እምቢ አለኝ። እጃጂ የምታስተምረው ልጃችን መዓዛ ይህን ስታይ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝታ መጣች፤ ቤንዚን የማይፈልግ፣ በባትሪ የሚሠራ። እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ልጅቷ አባብላ ቤቱን ልታሸጠኝ ነው አልኩ። ምስኪን ልጅ። «አባዬ፣ ዓሣው ከቀረብህ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ ማንን ልትጠረጥር ነው? እኔን እኮ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሐይቁን ከተውኩ የሚቀረኝ ግድግዳና ጥርጣሬ ነበር።

ሙዟን በአይሱዙ ጭነን አምቦ ወሰድናት። ኦቦ ደበላ የሚባል ባጃጅ ጠጋኝ ከኋላዋ ብረት አሥሮ ሞተሩን ገጠመልኝ። ሁለቱን ባትሪዎች ከፊት ላስቀምጣቸው ሲል ግን ከለከልኩት። የሰው ቦታ ነው፣ አይነካም አልኩ። ትከሻውን ነቅንቆ ከጀርባዬ ደረደራቸው።

ደንዲ ላይ አወጣኋት። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ውኃውን ብቻ ነው የምትሰሚው። ከዳር ትንሽ እንደራቅሁ ግን ሙዟ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ነፋሱ አፍንጫዋን እየመታ ያዞራታል፤ ወደ መረቡ ስላት ወደ ዳር፣ ወደ ዳር ስላት ወደ መሐል። ከኋላ ውኃ ገብቶ ወገቤን አራሰኝ። ዳር የቆሙት ገበሬዎች «ኦቦ ታደሰ፣ ሐይቁን ልታርሰው ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን ደበላን ነበር የማስበው። ሽቦውን ገልብጦታል፣ ወይ ያረጀ ባትሪ አዲስ ነው ብሎ ሰጥቶኛል አልኩ።

መልሼ አምቦ ወሰድኩለት። ሞተሩን አልነካም፣ ባትሪውንም አላየም። በቀጥታ ወደ አንቺ ቦታ ሄዶ የእግር መርገጫውን በስንዝር ለካ። «እዚህ የምትቀመጠው አጠር ያለች ሰው ነበረች» አለ። ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባለቤትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ኪሎ ነበረች?»

«የሰው ሚስት ኪሎ ምን ያደርግልሃል? ቄራ ነው የከፈትከው?» አልኩት።

«ማሎ፣ እባክህ ኦቦ ታደሰ!» ብሎ ሳቀ። «አትቆጣ። ፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ አይዘልቅም፤ የሆነ ነገር መቀመጥ አለበት።»

የሆነ ነገር! ባሏ የሞተባት እህት አለችው፤ ባለፈው ምሳ ይዛለት ስትመጣ ልጆችህ ስንት ናቸው ብላ ጠይቃኛለች። አሃ፣ ይሄ ሰውዬ የያዘው ጥገና አይደለም፣ ሽምግልና ነው አልኩ። ሙዟን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን ጥያቄው አብሮኝ ተሳፈረ። ስንት ኪሎ ነበርሽ? የጤፍ ጆንያ በዓይኔ እገምታለሁ። የበግ ሥጋ ሳልዳስስ እነግርሻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከጀርባዋ ተቀምጬ የቀዘፍኩላትን ሴት ኪሎ ግን አላውቅም።

ቤት ገብቼ ዳዊቴ ውስጥ ያስቀመጥኩትን የሕክምና ካርድሽን አወጣሁ። ከሕመሙ በፊት ለጉንፋን የሄድሽ ጊዜ ስልሳ አንድ። ሆዴን አመመኝ ያልሽ ጊዜ ሃምሳ አራት። ከዚያ አርባ ስድስት። አርባ ስድስቱን ያኔም አይቼዋለሁ። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል ብዬ ከሐኪሟ ጋር የተጣላሁበት ቁጥር ነው። ማስረጃዬን ታስታውሻለሽ? ጀልባችን በዚህ ሳምንት እንኳ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው፣ ሚስቴ ከስታ ቢሆን አውቅ ነበር ብዬ ነው የተከራከርኩት። አንቺ መሬት መሬት ታዪ ነበር።

አስኩ፣ ካርዱን ይዤ ቆሜ ሁሉም መጣብኝ። ያን ክረምት የሙዟ አፍንጫ ቀስ በቀስ መነሳት ጀምሮ ነበር። እኔ ጀልባዋ ተሰንጥቃ ከኋላ ውኃ ጠጥታለች ብዬ ገልብጬ ስፈትሻት ዋልኩ። ስንጥቅ ሳጣ ወደ አንቺ ዞርኩ። «ወደ ፊት ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ወደ ኋላ ይጎትትሻል!» ብዬ ጮኽኩብሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ሙዟ ተስተካከለች። «አየሽ፣ ስትሰሚኝ!» ብዬ ኮራሁ። ከዳር ስገፋት ግን ከብዳኝ ትከሻዬን ረገምኩ።

የከረጢቱ አፍ የተሰፋው በቀይ ናይለን ክር ነበር። በመረብ አሰፋፍ። ያን ስፌት ካንቺ ሌላ ማን ይሰፋል? ከኪሎሽ የጎደለውን በድንጋይ ስትሞዪ ኖረሻል። ጠበል የረጨሁበት፣ መተት ያልኩት፣ ሐይቅ ውስጥ የጣልኩት፣ በገዛ እጅሽ የሰፋሽልኝ የመጨረሻ ነገር ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ግን እሱ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለአንቺ የሚሆን ስግደት አላገኘሁም። የሰውን ሁሉ ሸክም ስፈትሽ ኖሬ ከፊቴ ያለችው ሴት በየሳምንቱ ስትቀልል አላየሁም። ለምን ደበቅሽኝ? እንዳልጨነቅ ነው እላለሁ። ሌሊት ሌሊት ግን ሌላውን እጠረጥራለሁ፤ ብትነግሪኝ እንደ ግንድ ሌባ ስመረምርሽ እንደምውል ታውቂ ነበር። ዘመኔን ሁሉ ከጠረጠርኩት ትክክል የሚመስለኝ ይሄ አንዱ ነው።

ካርድሽን ባየሁ በማግሥቱ አምቦ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ ስለ ስድቤ አላነሳም። «ኪሎዋን አገኘኸው?» ብቻ አለኝ። ስልሳ አንድ አልኩት። ሁለቱን ባትሪዎች ወደ ፊት፣ ወደ መቀመጫሽ አዞራቸው። ሁለቱ ተደምረው ወደ አርባ ስድስት ይጠጋሉ። አንድ ባትሪ ልጨምርልህ ሲለኝ የቀረውን እኔ እሞላለሁ አልኩት። ከደንዲ ዳር ድንጋይ ለቅሜ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ፣ አፉን በቀይ ክርሽ ሰፋሁት። ስፌቴ ያስቃል። ብታዪው «ዘበኛው፣ ይሄ መረብ ዝሆን ያሳልፋል» ትይኛለሽ።

ሙዟ ቀጥ ብላ ሄደች። ነፋስ መጣ፣ አልዞረችም። አራት ዓሣ ያዝኩ፤ ማንንም አልጠረጠርኩም።

አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ። ከእንግዲህ ሚስትህ ስንት ኪሎ ነበረች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ አልቆጣም። ስልሳ አንድ እለዋለሁ። እስከምሞት አርባ ስድስት አልልም።

ፈረቃው ያለቀው ዘበኛሽ፣
ታደሰ