በግቢዬ የቀሩትን የሽምግልና ድንጋዮች ስለ መመለስ

ለተከበሩ አቶ በላቸው
የከተማችን የሠራተኞች አቤቱታ ሰሚ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘንድሮው ክረምት ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አበርትቶታልና ፈጣሪ ወገብዎንና አንገትዎን እንዲጠብቅልዎ ምኞቴ ነው። በተለይ አንገትዎን። ለምን አንገትዎን እንዳልሁ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

እኔ ይሄይስ የተባልሁ፣ ዕድሜዬን ሒሳብ በማስተማር ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ የከተማዋ ነዋሪ ነኝ። ልጄ የኔአለም በአቶ እንዳላማው ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ከስድስት ዓመት በላይ ሠርታለች። ክፍሉ ከደረጃው ሥር ነው። አንሶላው የሚነጣው በበረኪና ነው፤ የበረኪናው እንፋሎት መውጫ ስለሌለው የሚገባው በልጄ ደረት ነው። ሐኪም መርምሯት፣ ከዚያ ክፍል ካልወጣች ሳንባዋ እየባሰበት እንደሚሄድ ጽፎ ሰጥቷታል። እርሷም የምትፈልገው ሥራዋን በወጉ ለቅቃ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዋንና የስንብት ክፍያዋን ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቤቷ መቀመጥ ነው። አሠሪ ለጤና የሚያሰጋ ነገር ተነግሮት ካላስተካከለ፣ ሠራተኛው ይህን እንዲያገኝ ሕጉ ይፈቅዳል። ጉዳዩ በሙሉ ይኸው ነው። እንዲህ አጭር የሆነው ጉዳይ እንዴት ዓመት እንደ ፈጀ ግን በተራ ቁጥር ላስረዳዎት እገደዳለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ያለ ተራ ቁጥር ማሰብ አልችልም።

፩. ልጄ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባችው ባለፈው ክረምት ነበር። አቶ እንዳላማው ለማመልከቻው የሰጡት መልስ በደብዳቤ ሳይሆን በሽማግሌ ነው። በማግሥቱ ማለዳ የነፍስ አባታችን አባ ፍቅረ ሥላሴ ሁለት አረጋውያን አስከትለው፣ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፣ በዝናብ ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው «ይቅር ለእግዚአብሔር ሳትሉን አንገባም» አሉ። የአገራችንን ወግ እርስዎም ያውቁታል፤ ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው፣ የሚያወርድለትም ተበዳይ ነው። በዳዩ አቶ እንዳላማው ግን ዝናብ ስለነበረ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ መስታወቱን በግማሽ ዝቅ አድርገው ይመለከቱ ነበር። አባ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ናቸው። «የኔአለም ልጄ፣ ያጠመቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ እንደ ዱሮው አልቀለለኝም፣ እባክሽን» ሲሉ ልጄ እያሳለች ወጥታ ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደች፤ በነጋውም ወደ እጥበት ክፍሏ ተመለሰች።

የእርቁ ቃል፣ ለክፍሉ መስኮት ይከፈትለታል የሚል ነበር። አቶ እንዳላማው ቃል አክባሪ ናቸውና ተከፍቷል። የተከፈተው ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጄ ከበረኪናው ሌላ የናፍጣ ጭስ ይመረቅላታል፤ መብራቱም እንደሚያውቁት ምርቃቱን አያጓድልባትም።

፪. ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባችው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። በዚህ ጊዜ ድንጋዩን ተሸክመው የመጡት የእድራችን ዳኛ አቶ አብይ ናቸው። ብዙም አልተናገሩ። «መምህር፣ ነገ ሁላችንም ቀባሪ እንሻለን» ብቻ አሉኝ። የእድር ዳኛ እንዲህ ሲል እንዴት እንደሚደመጥ ለእርስዎ ማስረዳት አያሻም። ልጄ ዳግመኛ ወጥታ አወረደችላቸው። የእርቁ ቃል የአየር ማራገቢያ ይገዛል የሚል ነበር፤ ተገዝቷል። ትልቅና ድምፅ የሌለው ነው። የቆመውም በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ነው፤ እንግዶችም እጅግ እንደ ተደሰቱበት ሰምቻለሁ።

፫. ሦስተኛውን ማመልከቻ ካስገባች በኋላ የመጡትን ሽማግሌ ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ ደብዳቤውን እያነበቡ ነውና። ድንጋይዎ ከሌሎቹ ያነሰች፣ ቢላዋ ለመሳል የምትበቃ፣ ኮትዎን እንዳታቆሽሽም በመሐረብ የተጠቀለለች ነበረች። የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «መምህር፣ እኔ የመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፤ በእኔ ይሁንብዎ። ደግመው ካስቸገሯት ቢሮዬ ክፍት ነው» ብለውኛል። ልጄ ድንጋይዎን በሁለት ጣቷ አነሳችልዎ። የእርቁ ቃል ከእጥበት ወደ ካውያ ትዛወራለች የሚል ነበር፤ ተዛውራለች። የካውያው ጠረጴዛ የተዘረጋው እዚያው ክፍል፣ ከበረኪናው በርሜል አጠገብ ነው።

፬. ቢሮዎ ክፍት ነው ስላሉን መጣን። የሐኪሙን ማስረጃ ተቀበሉ፤ ማኅተም ያረፈበት መልስም ሰጡን። መልሱ «ጉዳዩ በሽምግልና ተቋጭቶ ተበዳይዋ ይቅር ያለች በመሆኑ ዴስኩ የሚያየው ክርክር የለም» ይላል። ለእርቁ በምስክርነት የተጠቀሱት አቶ በላቸው ናቸው፤ መልሱን የፈረሙትም አቶ በላቸው ናቸው። በማስተማር ዘመኔ ፈተናውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ተፈትኖ፣ ራሱ አርሞ አንደኛ የወጣ ተማሪ አላጋጠመኝም። ትምህርት ምን ያህል እንደ ተራመደ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በረኪና ይቅር ሲባል መርዝነቱን እንደሚተውም ከእርስዎ ደብዳቤ በፊት አላውቅም ነበር።

፭. ከዚያ ወደ ቀበሌ ሄድን፤ የሥራ አጥ መታወቂያ ለማውጣት የመልቀቂያ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ወደ አቶ እንዳላማው ሄድን፤ «የኔአለም ልጄ ናት እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም፤ ልጅ ደግሞ ከአባቷ ቤት መልቀቂያ አትጠይቅም» አሉን። እንግዲህ ልጄ በቀበሌ ዘንድ ሠራተኛ ናት፤ በእርስዎ ዘንድ የታረቀች ናት፤ በአቶ እንዳላማው ዘንድ ልጅ ናት። ታማሚ የሆነችው በእኔና በሐኪሙ ዘንድ ብቻ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ መሆን መቻሏ ያስመሰግናታል፤ የሚያሳዝነው ግን ለዚህ ሁሉ የተሰጣት ሳንባ ያው እንደ ሰው ነው።

፮. ዝም ብላ ለምን አትቀርም እንዳይሉኝ፣ ያም ተሞክሯል። አብራት ታጥብ የነበረችው ሂዊ አንድ ቀን ሥራ ሳትገባ ቀረች። ሂዊ ወላጆቿ የሞቱባት፣ በሰው ቤት ጥግ የምትኖር ልጅ ስለሆነች፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆምበት ደጅ አልነበራትም፤ ሽማግሌም አልተላከባት። ሥራ ጥላ የጠፋች ተብላ ተመዘገበች፤ ስንብትም መልቀቂያም አላገኘች፤ የትም ብትሄድ መልቀቂያሽን አምጪ ትባላለች። ዛሬ ይጁቤ ገበያ ላይ ሽንኩርት በመደብ ትቸረችራለች። ደጅ ያላት ልጄ በደጇ ታሠረች፤ ደጅ የሌላት ሂዊ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀረች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጄ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ ነው። ዱሮ መሄዷን የማውቀው በኮቴዋ ነበር፤ አሁን በሳሏ ነው፤ ከግቢው በር እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰማኛል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ደግሞ ሳልሰማው እሰማዋለሁ። ማታ ስትመለስ «ይቅር ባትይስ ኖሮ» አልላትም። አረጋዊ ካህንን ድንጋይ አሸክማ በዝናብ የምታቆም ልጅ አላሳደግሁም፤ አቶ እንዳላማውም ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው ሽማግሌ የሚመርጡት።

ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ አጥሬ ሥር ተከምረው አሉ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አገሬ ባየቻቸው ቁጥር «መምህር፣ ልጅቱ ሥራ መልቀቋን ከቀጠለች እኮ ማድ ቤትዎ በነፃ ሊሠራልዎ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን የሰው ንብረት መሠረት አድርጌ ቤት አልሠራም። ስለዚህ ለመመለስ ወስኛለሁ።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ እኔና አባ ፍቅረ ሥላሴ ወደ ቢሮዎ እንመጣለን። አባን አስገድጃቸው አይደለም። ነገሩን ሁሉ ባስረዳኋቸው ጊዜ «ይሄይስ፣ ያን ቀን የተሸከምሁት ለማስታረቅ መስሎኝ ነበር፤ ልጅቱን ለማሠር ከነበረ እኔው ተሸክሜ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። ድንጋዮቹን በአንገታችን ተሸክመን በግቢዎ እንቆማለን። የበደልነው በደል ባይኖርም፣ ያልበደለ ሰው ድንጋይ ሊሸከም እንደሚችል ከእናንተ ተምረናል። ግቡ ቢሉን አንገባም፤ ተቀመጡ ቢሉንም አንቀመጥም። ከአንገታችን የሚያወርድልን፣ የእጥበት ክፍሉ ለጤና አደገኛ መሆኑን አጣርቶ የልጄን መልቀቂያና ስንብት የሚያዝ ፊርማ ብቻ ነው። ሌላ ባለጉዳይ እንዳናስተጓጉል ከበሩ ፈንጠር ብለን እንቆማለን፤ ሰኞ ገበያተኛው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ግን የሚያየን አናጣም። የእኔ ጉልበት ደህና ነው። የአባን ጉልበት ግን እርስዎም ያውቁታል፤ በእኛ ደጅ የልጄ ልብ በአባ ላይ አልጨከነም፤ በእርስዎ ደጅ የእርስዎ ልብ ይጨክን እንደ ሆነ ለማየት እንጓጓለን።

ለእስከ ዛሬው አባታዊ ሽምግልናዎና ለማኅተምዎ ጥራት ያለኝን ምስጋና እያቀረብሁ፣ ሰኞ በጤና እንዲያገናኘን እለምናለሁ።

የልጁን ሳል የሚሰማ፣
ይሄይስ፣ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለአባ ፍቅረ ሥላሴ፣
ለእድራችን ዳኛ ለአቶ አብይ፣
ለአቶ እንዳላማው፣ በመኪናቸው ውስጥ ባሉበት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የእርስዎን ትንሿን ድንጋይ ከሌሎቹ ለይቼ፣ አጥቤ፣ በመሐረብዎ እንደ ተጠቀለለች አኑሬያታለሁ። ክፍት ነው ያሉኝ ቢሮዎ ማኅተም ያረፈበትን መልስ ከሰጡን ወዲህ በመጣን ቁጥር በሩ በነፋስ ተዘግቶ ነው ያገኘነው፤ ለአንገት ባትከብድም በር ደግፋ ከፍታ ለመያዝ ግን ትበቃለች።