ሐኪሜ ጡረታ ከወጣ ወዲህ

ሰኞ፣ ኦገስት 18
ከእረፍት በኋላ የመጀመሪያ የሥራ ቀን። ተማሪ የማመላልስበትን ስኩል ባሴን አጠብኩ፣ መስታወቶቹን አስተካከልኩ፣ በአዲሱ መስመር አንድ ዙር ባዶውን ነዳሁት። ከኢስትሙር እስከ ኒር ኢስት ሳይድ አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ። ዘጠነኛ ዓመቴ... እንዴት ሮጠ።
ቤት ስገባ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ሐኪሜ ጡረታ ወጥቷል። አሥራ አንድ ዓመት ያየኝ ሰው በአንድ ገጽ ተሰናበተኝ። ይሁን፣ ደክሞታል፣ ይረፍ። ግን የደም ግፊት መድኃኒቴን ማን ያዝልኛል?

ሐሙስ፣ ኦገስት 21
በምሳ ሰዓት ስድስት ክሊኒክ ደወልኩ። አምስቱ አዲስ ታካሚ አይቀበሉም። አንደኛው ይቀበላል... ለማርች።
"ማርች?" አልኳት ስልኩን ያነሳችውን።
"ማርች አሥራ ሰባት፣ ጠዋት።" ጠዋት መሆኑ ደስ እንዲለኝ መሰለኝ።
ልጄ ሲና ከቺካጎ ደወለች። "ማም፣ ጀስት ጎ ቱ ኧርጀንት ኬር።" ለእሷ ሁሉም ነገር ጀስት ነው፤ "ዝም ብለሽ ሂጂ" ብቻ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4
ክኒኑ ካለቀ ስድስት ቀን። ያለ ቀጠሮ የሚያክሙበት ኧርጀንት ኬር ሄጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ሊያየኝ የገባው ሐኪም ቀና ብሎም አላየኝ። "ይሄ የመደበኛ ሐኪምሽ ሥራ ነው።" የለኝም እኮ ነው የምልህ። "እንግዲያው ፈልጊ።"
መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳቄ መጣ። ምን ይደረጋል?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
የሹፌርነት የጤና ወረቀቴ የሚታደስበት ቀን። መርማሪዋ ግፊቴን ሦስት ጊዜ ለካችኝ። 182 በ108።
"አልፈርምም። መድኃኒት ጀምረሽ ሲወርድ ተመለሽ።"
ልክ ናት። ሃምሳ ሁለት ልጅ ጭኜ ራሴን ብስትስ?
ቁልፉን ለሳላሃዲን አስረከብኩ፤ ባሶቹን የሚያሰማራው እሱ ነው። "እትዬ ፀሐይ፣ እስከዚያ ከእኔ ጋ ስልክ ያነሳሉ። መስመርዎን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ልይዝልዎ እችላለሁ።"
ከዚያ በኋላስ? አልጠየቅኩትም።
"ለማርች የቀጠረዎት ክሊኒክ ጋ በየቀኑ፣ ልክ ሲከፍቱ ይደውሉ" አለኝ። "ቀጠሮውን ካንስል የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።"

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10
ደወልኩ። የለም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11
እንቁጣጣሽ። ደወልኩ። የለም። ዶሮው ላይ ጨው ቀነስኩ። ባለቤቴ ግርማቸው "አልጫ ነው እንዴ?" ብሎ ተነጫነጨ። ይነጫነጭ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19
ስምንተኛ ጊዜ። የክሊኒኩን ስልክ የምታነሳዋ ዶና ትባላለች። አሁን ድምፄን ለይታዋለች። "ጉድ ሞርኒንግ ሚስ ሰሃይ፣ ዛሬም የለም፣ አዝናለሁ።" ስሜን ማረም ተውኩ። ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን። ሐኪምሽ ምን አለ ብላት እሷም የላትም... እዚያው እየሠራች ወረፋ ላይ ናት። አብረን ሳቅን። ከሷ ጋር ማውራት ለምዶብኛል መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24
ዛሬ ዶና ራሷ ደወለች። "በአርባ ደቂቃ ውስጥ መድረስ ትችያለሽ?" ሳላሃዲን ምንም አልጠየቀኝም። የያዝኩትን የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ተቀብሎኝ በአገጩ በሩን አሳየኝ።
ክሊኒኩ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ነው። ያየችኝ ሚስ ሆሊስ የምትባል ነርስ ፕራክቲሽነር ናት፤ እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ። ኮምፒውተሩን ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ከመጀመሪያው ንገሪኝ።" ነገርኳት። እንባውን ምን አመጣው? ደም አስወሰደች፣ መድኃኒት አዘዘች። እንቅልፍሽስ እንዴት ነው አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
128 በ80። ወረቀቱ ተፈረመ። ሳላሃዲን ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ።
ለዶና ድፎ ዳቦ ወሰድኩላት። ስሙን ማለት አቅቷት በላችው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13
ግርማቸውን ይዤው ሄድኩ። ሚስ ሆሊስ የታካሚዎቿን ቤተሰብ ቶሎ ታስገባለች። "እኔ አላመመኝም" እያለ ነው መንገዱን የጨረሰው።
"ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ያየህ መቼ ነው?" አለችው።
"ናይሮቢ። ለስደተኛ ጉዞ ሲመረምሩን።"
"ስንት ዓመት ሆነው?"
እኔን አየኝ። "ሃያ አራት" አልኩ።
ግፊቱ የድሮውን የኔን በለጠ። "ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል" አለ። ሚስ ሆሊስ ሳትከራከር እዚያው የኔን ለካች። 126።
ለእሱም መድኃኒት አዘዘችለት። ቤት ስንገባ የመድኃኒቱን ሳጥን ከፍቶ ክኒኑን በጣቱ አገላበጠው።
"መቼ ነው የሚዋጠው?"
"ጠዋት፣ ባስ ልነዳ ስወጣ። ከኔ ጋር።"
"አንቺ እኮ ገና ሳይነጋ ነው የምትነሺው።"
"አዎ" አልኩት።
ማንቂያ ሰዓቱን እኔ በምነሳበት ሰዓት ሞላው።