ከተረከዙ የወሰድኩት ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1976

ዛሬም ያው። ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም... የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጥሎ በመስኮት ብርሃን ነው የምሠራው።

ስመለስ ጎረቤቴ ሳዲያ ጋ ገባሁ። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ። የልጁ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ የጠባውን ሁሉ ያስመልሳል። ሁለቱ ታላላቆቹም እንዲሁ ጀምሯቸው ነው የሞቱት። «ቡዳ ነው ይሉኛል፣ የሺ» አለችኝ። ቡዳ! ሦስቱንም? ደሜ ፈላ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ክሊኒካችንን ሊጎበኝ የመጣው የውጭ አገር ሐኪም ልጁን አየው። አብሮት የተወለደ በሽታ ይሆናል አለ። የወተትን ስኳር ሰውነቱ አይችለውም፣ የእናቱ ጡት እንኳ ይመርዘዋል። ምርመራው እዚህ የለም። ከተረከዙ ሦስት ጠብታ ደም በወረቀት ወሰድኩ። ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣ።

ሐኪሙ ከአኩሪ አተር የተሠራ አንድ ካርቶን የዱቄት ወተት ሰጠን። «መልሱን አትጠብቁ» አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ወረቀቱ በጥላ ደረቀ፤ ሐኪሙ ሊያስመረምረው ወደ አገሩ ይዞት ሄደ። ኃላፊያችን ጓድ ገብረየሱስ ካርቶኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት! «ጡት አጥቡ እያልን እያስተማርን? ውጤት ሲመጣ ይወጣል። ያንቺ ሥራ ውጤት መጻፍ ነው።»

ውጤቱ እስኪመጣ ልጁ ይጠብቃል?

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ሁሉም ውይይት ክበብ ገቡ። የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ በቢላ ፈታሁት። ካርቶኑን ተሸክሜ ጌጃ ሰፈር፣ ሳዲያ ቤት።

«ጡቴ ሞልቶ እያለ ከቆርቆሮ? ማነው ያለው?» አለች ሳዲያ እያለቀሰች።

«እኔ።» ዱቄቱን በጠበጥኩለት። ብሳሳትስ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

አላስመለሰም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ከገብረየሱስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። «የሕዝብን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣት...» ሳዲያ ሕዝብ አይደለችም እንዴ? ፈርሜ ተቀበልኩ። ምነው ፊቱ ላይ በቀደድኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

መልሱ መጣ። በሽታው አለበት።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ገብረየሱስ የምርመራውን መልስ ቆሞ አነበበ። «በአብዮታዊ አመራራችን የአንድ ሕፃን ሕይወት ተረፈ!» ተጨበጨበ። ስድስት ዓመት ስሰበሰብ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ዛሬ አነሣሁ።

«ጓድ፣ መልሱ የመጣው ዛሬ ጧት ነው። ልጁ ሃያ ሰባት ቀን በማን ፈቃድ ኖረ?»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ገብረየሱስ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወጥቼ በቀጥታ ሳዲያ ጋ። ልጁ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለኝ። ነገ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል። ይጻፍ።