ፈረሱ ለአባባ የጻፈው

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለዓለምነው፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? የሐዋሳው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን። የአባባ ዓይን በራ! ደስታው እያስቸኮለኝ ነውና ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

የዓይናቸው ሞራ ካልተገፈፈ ጨርሰው እንደሚታወሩ ሐኪሙ ቢነግራቸውም፣ ዓይኔን ስለት አላስነካም ብለው ዓመት ሙሉ እምቢ ማለታቸውን ታውቃለህ። እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ላሳይ ብዬ አንድ ገጽ መረጃ ጻፍኩና ቤት መጥቼ አነበብኩላቸው፤ ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚድን፣ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «እኔ መቶ ሰው አይደለሁም፤ ምህረቴ የሚባል አንድ ሰው ነኝ» አሉኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ጥር ላይ ለፈረሰኞቹ በዓል ሲነሡ የራሳቸው ፈረስ መስሏቸው ኮርቻቸውን በጎረቤታችን በደጉ ፈረስ ላይ መጫናቸውን አልነገርንህም። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እኔ ግን ያችን ነገር በፈረሳችን በቦራ አፍ ጻፍኳት፦ «ጌታዬ ኮርቻዬን ለሌላ ሲጭን ቆሜ አየሁ። ምን አስቀይሜው ይሆን?» ስለ ሐኪም አንድም ቃል የለባትም። ሳነብላቸው አንገታቸውን ደፉ። አጠፋሁ ብዬ ፈራሁ። ቀና ብለው «ቦራ እንዲህ አለ?» አሉና፣ «በይ ያን የመቶውን ሰው ወረቀት ድገሚልኝ» አሉኝ።

መምህራችን አንዱ ጽሑፍ ያስረዳል፣ ሌላው ልብ ይነካል ሲለን ደብተሬን ሞልቼ ጽፌ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ከቤት ያወጣቸው ቦራ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ያስተኛቸው ደግሞ ቁጥሩ። ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ባጃጁ ውስጥ ሳይቀር «ስንት ደቂቃ ነበር ያልሽው?» እያሉ አሰለቹኝ እኮ!

ፋሻው እንደተፈታ በቀጥታ ወደ ጋጣ ሄዱ። የቦራን ነጭ ግንባር እያሻሹ ብዙ ቆዩ። እማዬ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁም።

እማዬ ለፋሲካ ካልመጣህ አኮርፋለሁ ብላለች። እህታችን ምሥራቅ ጉንጭህን ስማለች። ደጉም ሰላም ብሎሃል፤ ከእንግዲህ ፈረሱን ሳይሰጋ ያስራል። አባባ ሰላምታቸውን ከታች በገዛ እጃቸው ጽፈውልሃል፤ መስመሩ ቢጣመም እንዳትስቅ።

እህትህ ማስተዋል

ልጄ ዓለምነው፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው እያየሁ ነው። ቦራም ታርቆኛል።

ዘንገና፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.