«መጣሁ» ብሎ የወጣ ተከራይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ብርዱ ጋብ አለልህ? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ሳስብህ ሰነበትኩ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለብኝም። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሬዲዮኑን የምከፍተው ወሬ ልስማ ብዬ አይደለም፤ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ክፍልህን ላከራየው ነው ብዬህ አልነበር? አከራይነት እንዲህ ሰው ሲጠብቁ የሚውሉበት ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ግድግዳውን ዳሰሰ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። «እትዬ፣ ወድጄዋለሁ፣ ለማንም እንዳይሰጡብኝ አደራ» አለ። ቀብዱን ስጠይቀው ኪሱን ዳበሰና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። እኔ ሞኟ ሻይ ጥጄ ጠበቅኩት። በማግስቱ አምፖል ቀየርኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ፣ ክፍል ፍለጋ የመጡ ሁለት እህትማማቾችን «ተይዟል» ብዬ መለስኩ። እንዲህ ሆኜ አሥራ አንድ ቀን። ስልክ ብደውል አያነሳም። ጎረቤታችን አናጢው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በ«መጣሁ» ቤት የሚይዝ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም አለኝ። እየሄደ «መጣሁ» የሚል ሰው መቼም እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ የሚያምነው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቀጥሎ አንዲት ነርስ መጣች። አናጢው እንደመከረኝ ቀብዱን ተቀበልኩ፣ በወረቀት ጽፌ ፈረምኩላት፤ ኮራ ብዬም ነበር። ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ለካ መሥሪያ ቤቷ ድንገት ሌላ ቦታ አዛውሯታል። «ቀብድ አይመለስም» ማለት ነበረብኝ፤ አናጢው እንዲያውም በቃሌ አስጠንቶኛል። አፌ ግን እምቢ አለኝ። መለስኩላትና ሻይ ጠጥታ ሄደች። አናጢው አንቺ አከራይ ሳትሆኚ ዘመድ ነሽ ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ልንገርህ? ክፍል ሊያይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለኛል። ቶሎ እንዳይሄዱብኝ ቁም ሳጥኑን ሦስቴ እየከፈትኩ አሳያቸዋለሁ፣ የውኃውን ነገር አስረዝሜ አወራለሁ።

አሁን ደግሞ አንዲት መምህርት አገኘሁ። ዝምተኛ ናት፣ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ቁልፉን ራሷ ሞከረችው፤ አልጋህን አየችና ክፍሉ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የወንድሜ ነው አልኳት። ይመጣል ወይ ስትለኝ ቁም ሳጥኑን ደግሜ ከፍቼ አሳየኋት። ቀብዱን ሰጠችኝ፤ አናጢው ምስክር ሆኖ ተፈራረምን። የሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ትገባለች። በሩ ጋ ስሸኛት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «በሉ፣ ሄድኩ» አለችኝ። ያኔ አመንኳት።

አልጋህን ግን እስካሁን አላነሳሁትም። ቀብዱም ከነፖስታው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሰዉን ሁሉ ቀብድ ስጠይቅ ከርሜ፣ ላንተ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ቀብድ ክፍል ይዤልሃለሁ። በደወልክ ቁጥር «ዘንድሮ እመጣለሁ» ትለኛለህ፣ እኔም አንሶላህን አጥባለሁ። ሰው የሌለበት አንሶላ ማጠብ እንዴት እንደሚከብድ አታውቅም።

አብሮህ ለሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ሰላም በልልኝ፤ ጢምህን እንዳያሳድግብህ። ሌላውን አብሮህ የሚኖረውን ቀውላላም ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ ብላሃለች በለው። ለአከራያችሁ ለሴትዮዋ ደግሞ የተለየ ሰላምታ አቅርብልኝ። ኪራይ ስትሰጣት ቶሎ አትውጣ፤ ትንሽ አጫውታት። አናጢው ሰላም ብሎሃል።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ሻንጣህን አንጠልጥለህ ለእማዬ «መጣሁ» ብለሃት ነው የወጣኸው። እስክታርፍ ድረስ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። እኔን እንደዚያ አታድርገኝ። ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ጻፍልኝ። የምትመጣ ከሆነ ቀብዱን ለመምህርቷ እመልሳለሁ፤ መመለሱን ለምጄዋለሁ። የማትመጣ ከሆነም «ሄድኩ» በለኝ። አልቀየምህም፤ አልጋውን አነሳለሁ።

የምትናፍቅህ እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን