ሽንቴ ውስጥ ያገኙት

ጥቅምት 4

ጂም የማሠለጥናቸውን የጠዋት ሴቶቼን አሠርቼ ወደ ራሴ ልምምድ ገባሁ። ገመድ፣ ሣጥን ዝላይ፣ ብረት። አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ከኋላዬ ቆሞ፦ «ጉንዳን፣ ወገብሽን!» ጉንዳን ያለኝ እሱ ነው። ከራሷ የሚከብድ ተሸክማ የምትሄድ… አሁንማ እናቴም በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ሆኗል።

ጉልበቴ ዛሬም ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘኝ የኖረ ጉልበት! ምን ነካው? የምግብ ፍላጎቴም ተከፍቷል። እማዬ የምትሠራልኝን አጃ ጥርግ አድርጌ ነው የምወጣው። ሳህኑን አይታ «እሰይ» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎባታል።

ሸንበቆ አዲስ የኃይል ዱቄት ይዛ መጣች። አብራኝ የምትሠራው ረጅሟ ልጅ ናት። አሰልጣኙ ከእጇ ቀማት። «ምን እንዳለበት ሳታውቂ! ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር!» ይህን ተረት በሳምንት ስንቴ ነው የሚተርትብን? ሳቅንበት።

ጥቅምት 13

ማጣሪያውን አሸነፍኩ። እኔ! ሸንበቆ ሁለተኛ ወጣች። ለፍጻሜው የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው… እሱም እኔ ነኝ።

ሜዳሊያው አንገቴ ላይ እያለ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካች። «ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ተመርጠሻል።» ከዚያ በኋላ ከዓይኗ ሥር አልወጣሁም። ውሃ ስጠጣ አብራኝ፣ ጫማ ስቀይር አብራኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ቲሸርቴን እስከ ደረቴ ሰብስቤ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አውርጄ… ፊት ለፊቴ ቆማ ታያለች። ሥራዋ ነው። ግን ሰው ዓይኑን ተክሎብሽ ሽንት ይመጣል እንዴ? ቧንቧ ከፈተችልኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም።

ሽንቴን በሁለት ጠርሙስ የከፈልኩትም ያሸግኩትም ራሴ ነኝ። «የወሰድሽው መድኃኒት አለ?» «ምንም።» ፈረምኩ። ምን እፈራለሁ?

ኅዳር 9

ስልኬ ላይ ኢሜይል መጣ። ደጋግሜ አነበብኩት። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ በውድድር ቀን መገኘት የሌለበት መድኃኒት ተገኝቷል። ጉዳዩ እስኪታይ ታግጃለሁ። መወዳደር የለም፣ ጂም ገብቶ ማሠልጠንም የለም።

የኔ ሽንት? የኔ?

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እማዬ ከውጭ፦ «ሆድሽን ነው እንዴ?» አዎ አልኳት።

ኅዳር 10

ለአሰልጣኙ ነገርኩት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉንዳን፣ እኔን ብቻ አትዋሺኝ። ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም።»

«እናትሽ ትሙት?»

«እናቴ ትሙት።»

አመነኝ? እንጃ። «ሁለተኛው ጠርሙስ ይከፈትልኝ በይ» አለኝ። እሱ ካላመነኝ ማን ያምነኛል?

ኅዳር 12

ሰው አስገብቶብኛል ማለት ነው። ማን? ውሃ የምንጠጣው ከአንድ ኮዳ ነው፣ እኔና ሸንበቆ። እኔ ከወደቅኩ ፍጻሜው የሷ ነው… አይ። አይ! ብረቱ ደረቴ ላይ እንዳይወድቅ ከራስጌዬ ቆማ የምትጠብቀኝ ልጅ! ግን ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። ደወለች፣ አላነሳሁም። ደግማ ደወለች።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ጠዋት አጃዬን በልቼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው እወጣለሁ። አስፋልት ማዶ ቆሜ ጂሙን አያለሁ። ሴቶቼን ሌላ ሰው ያሠራቸዋል። አንዷ በመስኮት ያየችኝ መሰለኝና ሮጥኩ። ምን አጥፍቼ ነው የምሮጠው?

ኅዳር 17

ሸንበቆ በራችን ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ምን አደረግኩሽ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ኮዳው ውስጥ ምን እንደጨመርሽ።»

«እኔ?» አለች። «እኔ፣ ጉንዳን?» ሄደች።

ጥፋተኛ እንዲያ ነው የምትሄደው? ንጹሕስ? እኔን የሚያየኝ ሰው ምን ያያል?

ታኅሣሥ 2

ሁለተኛው ጠርሙስ ተከፈተ። ያው ነው።

ታኅሣሥ 3

አሰልጣኙ ደወለ። ሐኪም ሊጠይቅልኝ ነው፤ የመድኃኒቱን ስም በትክክል አንብቢልኝ አለ። ሳሎን ነበርኩ። የስፌት መኪናዋ ስለሚንጫጫ እማዬ አትሰማኝም ብዬ አነበብኩለት። እሱም አልሰማ አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። «ዴክሳ… ሜታሶን!»

መኪናው ቆመ።

ዞርኩ። እማዬ እግሯን ከመርገጫው አንስታለች። ግማሹ የተሰፋ ኮሌታ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል።

«ዴክሳ አልሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት። «አንቺ በምን አወቅሽው?»

ተነስታ የአዝራር ቆርቆሮዋን ከፈተች። ከአዝራሮቹ ሥር ክኒን። ትንንሽ፣ ነጫጭ። «የፋርማሲዋ ሴት ናት… የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያወፍራል አለችኝ። ከሳሽብኝ እኮ ልጄ! አጥንትሽ ወጣ። ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ። በማንኪያ ጀርባ እየደቆስኩ አጃው ውስጥ… ምን አለበት? መርዝ አይደል! ጉንጭሽ ሞላ እኮ!»

ኢሜይሉን አነበብኩላት። መታገዴን፣ ሁሉንም። የት ትሄጂ ነበር ታዲያ በየጠዋቱ አለችኝ። ከዚያ ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ታኅሣሥ 4

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ክኒኑ ሕመምም ያስታግሳል አሉ፤ ጉልበቴ ዝም ያለው ለዚህ ነበር ለካ። ታዲያ ያን ብረት ያነሳው ማን ነው? እኔ ወይስ ክኒኑ? ከእገዳው ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። መቼም ቢሆን አላውቀውም።

ሸንበቆ ቤት ሄድኩ። «እማዬ ናት» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን ያዘች። «ውይ፣ እማዬ!» ከኔ በፊት ለሷ አዘነችላት። ይቅር በይኝ አልኳት። «ገና ነኝ» አለች። እውነቷን ነው።

እማዬ ከትናንት ወዲህ ኩሽና አልገባችም።

ታኅሣሥ 11

አሰልጣኙ ቁርጡን ነገረኝ። «እንዴት እንደገባብሽ ካላስረዳሽ ለዓመታት ነው የምትታገጂው። የምታስረዳው ደግሞ እናትሽ ናት። ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች ፊት ትቅረብና ትናገር።» የፋርማሲዋ ሴት መሸጧን ክዳለች። «እኔ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሸጬ አላውቅም!» ብላ በሩን ዘጋችብን።

እናቴን ሰው ፊት ላቁማት? ካላቆምኳትስ? ልጇን መድኃኒት ያበላች ትባል ወይስ እኔ ሌባ ልባል?

«ያስሩኛል እንዴ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። ሁለታችንም ፈርተን፣ ሳንተያይ ተቀመጥን።

ታኅሣሥ 12

«እቀርባለሁ» አለች።

ጥር 8

የክት ልብሷን ለብሳ መጣች፣ ራሷ የሰፋችውን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ ማንም ያልነካው ውሃ። ከጠረጴዛው ሥር እጇን ያዝኩት። በረዶ። ወይስ የኔ ነው የቀዘቀዘው?

የመሀለኛው ሰውዬ፦ «እናት፣ ልጅዎ ታውቅ ነበር?»

«ብታውቅማ መች ትበላው ነበር! ደብቄ ያበላኋት እኔ ነኝ። እሷን ተዉልኝ።»

የአዝራር ቆርቆሮውን እንዳለ ይዛ መጥታ ኖሯል። ከነአዝራሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ማንም አልሳቀም።

ጥር 21

ተወሰነ። ወረቀቱ «ሆን ብላ አልወሰደችም» ይላል። እስከ ክረምት ብቻ ነው የምታገደው። አንደኝነቱ ግን ተሰርዟል። ሽንቴ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂ ራሴ ነኝ፣ የምበላውን ማወቅ ነበረብኝ ይላል… የእናቴን እጅ መጠርጠር ነበረብኝ ማለት ነው?

ፍጻሜው ላይ ሸንበቆ ትገባለች። ደወልኩላት። «ወገብሽን!» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

ጥር 24

ጉልበቴ ቀሰቀሰኝ። ተመልሷል። እሱስ የራሴ ነው።

ኩሽና ስገባ እማዬ አጃ ሠርታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ገና ዛሬ። አንድ ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። አንዱን አነሳችና ከመሀል ጨለፈች። ዓይን ዓይኔን እያየች ዋጠች። አፏን ከፍታ ማሳየት ብቻ ነው የቀራት።

«ይኸው» አለች። «እንዳትፈሪ።»

ያቺ ሽንት ቤት ቆማ የምታየኝ ሴት ትዝ አለችኝ። አሁን ቆሜ የማየው እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።» ማንኪያዋን ከእጇ ወሰድኩት። ሄዳ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ ግን አልሰፋችም። እየጠበቀች ነው።

አጃውን አየሁት። ነጭ ነው። አጃ ሁሌም ነጭ ነው። ፈራሁ። የእናቴን ምግብ ፈራሁ!

እየፈራሁ በላሁ። ሁሉንም። ማንኪያዬ የሳህኑን ቂጥ ሲፍቅ ሰማች መሰለኝ፣ መኪናው ተነሳ።